የቀዶ ሕክምና ኢሌክቲቭ በሐረርና በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲ-ቱ (ሁለተኛውን የክሊኒካል ዓመት) ጨርሳችሁ ወይም ኢንተርንሽፕ ላይ ሆናችሁ «ሰርጀሪ ላይ ጥቂት ሳምንት ልጨምር» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ከጅማና ከጎንደር የሚደውለውም ሆነ እዚሁ ሐረር ተምሮ ያደገው የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የእኔ አስተያየት የገባባቸው መልሶች አሉ። የተመደባችሁበት ሲኒየር ሌላ ካላችሁ የሲኒየሩን ስሙ።

ኢሌክቲቭ ከመደበኛው የሰርጀሪ ሮቴሽን በምን ይለያል?

መደበኛው ግዴታ ነው፤ ፈተና አለው፣ ውጤቱም ትራንስክሪፕት ላይ ይወጣል። ኢሌክቲቭ ግን ክፍሉንም ሆስፒታሉንም ራሳችሁ መርጣችሁ የምትገቡበት ቆይታ ነው። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል። ሌላው ጋ ደግሞ ተማሪው በዕረፍት ጊዜው ራሱ ያመቻቸዋል። የእናንተው የቱ እንደሆነ ዲን ቢሮ ጠይቁ።

በተግባር ልዩነቱ ሌላ ነው። በመደበኛው ሮቴሽን ጊዜ ስትቀሩ ስም የሚጠራ፣ ፈተና ሲደርስ የሚያስጨንቅ አለ። ኢሌክቲቭ ላይ ማንም አይፈልጋችሁም። ጥግ ይዛችሁ ዝም ብትሉ ዝም እንዳላችሁ ወሩ ያልቃል።

ሲ-ዋን ነኝ፤ አሁን ብመጣስ?

ቆዩ። ሆድ መርምራችሁ የምታገኙትን መናገር ሳትችሉ ኦአር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) ብትገቡ የምታዩት አረንጓዴ ጨርቅና የሰው ጀርባ ነው።

ሐረር ይሻላል ወይስ ድሬዳዋ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ማስተማሪያ ነው። ኮሌጁ ራሱ ያለው ሐረር ከተማ ስለሆነ «ሐረማያ ነው የምሄደው» ብላችሁ ሐረማያ ከተማ እንዳትወርዱ፤ የወረዱ አሉ። ከዚህ ሌላ ጁገል ሆስፒታል አለ። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል አሉ፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የሕክምና ትምህርት አለው።

ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ ከከተማው ብቻ አይደለም። ከምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎችና ከሶማሌ ክልል በሪፈር ወረቀት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማስተማሪያ ሆስፒታል ከገባችሁ ሕመሙ ከበድ ያለ፣ ሐኪሙም ብዙ ነው። ያ ደግሞ ለተማሪ ሁለት ፊት አለው። ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) እና ኢንተርን የሞላበት ቦታ ትምህርቱ ጥሩ ሆኖ እጃችሁ ግን ሥራ ሊፈታ ይችላል። ተማሪ ጥቂት የሆነበት ሆስፒታል ግን ጥያቄ የምትጠይቁት ሰው ባይበዛም ቁስል የምትሰፉበት ዕድል ሰፊ ነው። ለእኔ ምርጫው የሚወሰነው በምትፈልጉት ነገር ነው። ቡአና ትርፍ አንጀት፣ እብጠትና ስፌት በደንብ ማየት የፈለገ ሰው ትልቁን ሆስፒታል ብቻ ማሳደድ የለበትም።

አየሩም ይለያል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ድሬዳዋ ላይ ጋውን ለብሶ ሁለት ሰዓት መቆም ምን እንደሚመስል የቆመ ያውቀዋል። ከመግባታችሁ በፊት ውሃ ጠጡ። ሐረር ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ በደንገጎ ዳገት ነው የሚያልፈው፤ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ። ያም ሆኖ ድሬዳዋ እያደሩ ሐረር መሥራት አይሆንም። ለማታ ተረኝነት የማይደርስ ተማሪ ግማሹን ትምህርት አጥቷል።

ማመልከቻውን ለማን ላስገባ? ምን ምን ላያይዝ?

ለማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ከዲናችሁ ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉና ለተቀባዩ ኮሌጅ አቅርቡ፤ በግልባጭ ለቀዶ ሕክምና ትምህርት ክፍሉ ይድረስ። ሌሎቹ ሆስፒታሎች በሐረሪ ክልልና በድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች ሥር ያሉ ስለሆኑ ጉዳዩ የሚጀምረው በሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። ደብዳቤው ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩ በግልጽ ይጻፍ። «ለተወሰነ ጊዜ» የሚል ደብዳቤ ይዞ የመጣ ተማሪ ሲመላለስ ይከርማል።

ከደብዳቤው ጋር የተማሪ መታወቂያ ቅጂ፣ እስካሁን ያለፋችሁባቸው ሮቴሽኖች ዝርዝር፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ትምህርት ቤታችሁ የሚቀበለው የምዘና ቅጽና ሎግቡክ (የሠራችሁትን እየመዘገባችሁ የምታስፈርሙበት ደብተር) ያዙ። ቅጹን ሁለት ኮፒ አድርጉት። በስልክ ወይም በቴሌግራም «እሺ ና» የተባለ ተማሪም ቢሆን ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካላገኘ እንደመጣ አይቆጠርም።

የግድ መከተብ አለብኝ?

ሄፓታይተስ ቢን አዎ። ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው 6 ወር ሲሞላ። ቀኑን ስትቆጥሩት ከኢሌክቲቩ ግማሽ ዓመት በፊት መጀመር እንዳለባችሁ ይገባችኋል። አንዱን ብቻ ተወግቶ «ተከትቤያለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ስንት ሳምንት ይበቃል?

አራት። በሁለት ሳምንት ሰው እንኳን አይለምዳችሁም። የመጀመሪያው ሳምንት የመጸዳጃ ቤቱንና የጋውኑን ቦታ በመፈለግ ያልቃል።

ቢላ እይዛለሁ ወይ?

ብዙ ጊዜ አትይዙም። ይህንን አውቃችሁ ብትመጡ የብዙ ሰው ቅሬታ ይቀር ነበር።

ተማሪ ኦአር ውስጥ የሚሠራው ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) መያዝ፣ ደም መምጠጥ፣ ክር መቁረጥ፣ እየቆየ ደግሞ ቆዳ መስፋት ነው። ትንሽ መስሎ የሚታየው ሥራ ሁሉ አያያዝ አለው። ሪትራክተሩን ሐኪሙ ባስቀመጠበት ቦታና ባስቀመጠበት ጉልበት ብቻ ያዙት፤ ሲደክማችሁ ንገሩ እንጂ ሕመምተኛው ደረት ላይ አትደገፉ። «ቁረጥ» ስትባሉ መቀሱን በሰፊው ከፍታችሁ አትግቡ፤ በጫፉ ብቻ ነው የሚቆረጠው፣ የመቀሱ ጫፍም ሁልጊዜ ይታያችሁ። ውስጥ የታሰረ ሲልክ አጠር ተደርጎ ይቆረጣል። ቆዳ ላይ ያለ ናይሎን ሲፈታ መያዣ ስለሚያስፈልገው ረዘም ይላል። ካላወቃችሁ «ምን ያህል ላስቀር?» ማለት ያስመሰግናል።

እጃችሁ ሥራ የሚያገኘው ትንንሹ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ሚነር ኦአርና ድንገተኛ ክፍል ነው። የተፈነከተ ግንባር፣ መግል የቋጠረ እብጠት፣ በማጭድ የተቆረጠ ጣት የሚመጣው እዚያ ነው። አብዛኛው ተማሪ ትልልቁን ኦፕሬሽን ፍለጋ ዋናው ኦአር በር ላይ ተሰልፎ እያለ ድንገተኛ ክፍል ያለው ኢንተርን ረዳት አጥቶ ይሯሯጣል። እናንተ ወደ ኢንተርኑ ሂዱ። በሚቀጥለው ዓመት ወረዳ ሆስፒታል ስትመደቡ ታይሮይድ አውጡ የሚላችሁ የለም፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሆድ ሕመም ይዞ የመጣ ገበሬ «ይቆይ ወይስ ይላክ?» የሚለውን መወሰን ግን የእናንተ ሥራ ይሆናል። ይህን ውሳኔ የምትማሩት ድንገተኛ ክፍል ቆማችሁ፣ ያን ሰው እስከ ኦአር፣ ከኦአርም እስከ ዋርድ ተከትላችሁ ነው። ሆዱን ዳብሳችሁ ጽፋችሁ፣ ሆዱ ተከፍቶ አይታችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ቁስሉን ስትፈቱ ያያችሁት አንድ ሕመምተኛ ከሩቅ ከታየ አሥር ኦፕሬሽን ይበልጣል።

ከመምጣቴ በፊት ምን ልለማመድ?

ቋጠሮ። የጫማ ክር አልጋችሁ ብረት ላይ አስራችሁ በሁለት እጅም በአንድ እጅም ተለማመዱ። ሁለተኛውን ዙር ስታስሩ እጃችሁ ከመጀመሪያው በተቃራኒ አቅጣጫ ካልሳበ ቋጠሮው ጠፍጥፎ አይተኛም፤ ሲጎትቱት ይንሸራተታል። ደም ሥር ላይ ይሄ ከሆነ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። ጥሩ ሲሆንላችሁ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና ውሃ አርጥቡት፤ ደም የነካው ክር እንዲያ ነው የሚያንሸራትተው። ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል።

ለስፌት ከሥጋ ቤት የፍየል ወይም የበግ እግር ቆዳው ሳይገፈፍ ግዙ። ጊዜው ያለፈበት ክር ካለ የኦአር ሲስተሮችን በትሕትና ለምኑ፤ እነሱ ሲወዷችሁ ብዙ ነገር ይገኛል። መርፌውን ሁልጊዜ በኒድል ሆልደርና በፎርሰፕ እንጂ በጣት አለመንካት እዚያው በግ እግር ላይ ይለመዳል።

ከዚህ ሌላ ፎሊ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ) ማውረድ፣ ደም ሥር መክፈት ላይ እጃችሁ ይፍታታ። መጽሐፍ ካነሳችሁ የድንገተኛ ሆድ ሕመምንና የአደጋ ሕመምተኛ አያያዝን ድገሙ። ሌላውን እዚህ ስታዩት ታነቡታላችሁ።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

ሞርኒንግ ብዙ ቦታ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ሌሊቱን ተረኛ የነበረው ቡድን የገቡትን ሕመምተኞች ያቀርባል፣ ሲኒየሮቹ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ። ከዚያ በፊት ዋርድ ገብታችሁ የያዛችኋቸውን ሕመምተኞች አይታችሁ መጨረስ አለባችሁ። ትኩሳት፣ ምት፣ የድሬን (ከውስጥ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ) ፈሳሽ፣ ሽንት ይታያል። ሽንቱን «ጥሩ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ከረጢቱን አንብቡ። አዋቂ ሰው ቢያንስ በኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 መሆኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ 100 ሚሊ ብቻ የሸና ሕመምተኛ ይዞ «ስቴብል ነው» ያለ ተማሪ ራውንድ ላይ የሚገጥመውን አልነግራችሁም።

ከራውንድ በኋላ ቀኑ የኦአር፣ የኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ወይም የድሬሲንግ (ቁስል ማጠብና ማሸግ) ይሆናል። ድሬሲንግን አትናቁ። ቁስል መልካም እያገገመ ይሁን እየመገለ መለየት የሚለመደው በማየት ብቻ ነው፤ ሽታውንም ጭምር።

ማታ ተረኝነት በየስንት ቀኑ እንደሚደርሳችሁ ክፍሉ ይነግራችኋል። ቢፈቀድላችሁ ጨምሩ።

ምን ዓይነት ሕመም አያለሁ?

ትርፍ አንጀት፣ ቡአ፣ ኪንታሮት፣ የሐሞት ጠጠር፣ እንቅርት፣ ፕሮስቴት አብጦ ሽንት የከለከላቸው አባቶች፣ የእሳትና የፈላ ውሃ ቃጠሎ የደረሰባቸው ሕፃናት። የመኪናና የባጃጅ አደጋ፣ ጥይትና ስለት የወጋው ሰውም አይጠፋም።

ትንሽ ቆም የምልባቸው ሁለት አሉ።

አንደኛው የአንጀት መዘጋት ነው። በአገራችን ትልቁ አንጀት ራሱ ላይ ሲጠመዘዝ የሚመጣው፣ ሲግሞይድ ቮልቩለስ የምንለው፣ የተለመደ ነው፤ በተለይ በገጠር ወንዶች ላይ። ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሰገራም አየርም ይቆማል። ራጁ ላይ የሚታየውን ቅርጽ መጽሐፉ የቡና ፍሬ ይለዋል፤ ሐረር ላይ ለማብራራት ይህን የመሰለ ምልክት የለም። አንጀቱ ካልሞተ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ ገብቶ አየሩ ይለቀቃል፤ ሽቅብ የሚፈነጥቀውን የሚያውቅ ሬዚደንት ጎን ቆሞ ነው የሚያስገባው፣ እናንተም እንደሱ ቁሙ። ሆዱ ከደነደነ፣ ትኩሳትና የልብ ምት ከጨመረ ግን ቱቦ መሞከር የለም፤ ወደ ኦአር ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ ኢሌክቲቩ ዋጋውን መልሷል።

ሁለተኛው የወጌሻ እስር ያስከተለው ጉዳት ነው። ልጅ ከዛፍ ይወድቃል፣ ክንዱ ይሰበራል፣ በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውስጡ ሲያብጥ እስሩ አይሰፋም፤ ደም መዘዋወሩ ይቆማል። ቀናት ቆይቶ ሲመጣ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ቀዝቅዘው፣ ሲነኩ የማይሰማቸው ሆነው ነው። አንዳንዴ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ አባትየው ፊት ወጌሻውን መሳደብ የሚቀናው ተማሪ አይቻለሁ። አትሳደቡ። አባት ልጁን ወደሚያምነው ሰው ነው የወሰደው፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቱም አሁን ሊመለስ አይችልም። ይልቅ እናት ልጇን ይዛ ገና ታስሮ ስትመጣ ጣቶቹን ተጭናችሁ ቀለማቸው መመለሱን እዩ፤ ጣቱን ስትዘረጉለት ከልክ በላይ ከጮኸ እስሩ አሁኑኑ ይፈታ፤ «ሲኒየር እስኪመጣ» አይባልም፣ እየፈታችሁ ጥሩት።

በጠቅላላው የትኛውም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሊሠራቸው ይገባል ተብለው እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን የለያቸው ሦስት ናቸው፦ በቀዶ ማዋለድ፣ ላፓሮቶሚ (ሆድ ከፍቶ መሥራት) እና የክፍት ስብራት ሕክምና። ኬዝ ለመምረጥ ካመነታችሁ ከነዚህ ጀምሩ። ወረዳ ስትወርዱ እነዚህን ሲሠሩ የምታገኟቸው ብዙ ጊዜ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማስተርስ የተማሩ የጤና መኮንኖች ናቸው፤ ሥልጠናው በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። ዋርድ ላይ ካገኛችኋቸው ተጠጉ፣ የወረዳውን ኑሮ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኦሮምኛም ሶማሊኛም አልችልም። እንዴት ልሆን ነው?

ትቸገራላችሁ፤ ግን ይቻላል። ከተማው ውስጥ አማርኛ ይበቃችኋል፤ ዋርድ ላይ አይበቃም። ከወረዳ የመጣው አብዛኛው ሕመምተኛ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ ሶማሊኛም ብዙ አለ፣ የሐረሪ ቤተሰቦችም እርስ በርስ በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። ቢያንስ ጠዋት «አካም ቡልተኒ» ብላችሁ ግቡ፤ ሕመሙ የት እንደሆነ ለመጠየቅ «ኤሳ ኢሲን ዱኩባ?» በሉ። ሙሉ ታሪክ ስትወስዱ ግን አስተርጓሚ ይኑር፤ ሲቻል ነርሷ እንጂ የሕመምተኛዋ ልጅ አይሁን። ሴት ልጅ እናቷን፣ ወንድ ልጅ አባቱን ስለ ሽንትና ሰገራ መጠየቅ ያፍራል፤ መልሱም ተቆርጦ ነው የሚደርሳችሁ። የሆድ ኦፕሬሽን ከተደረገ በኋላ «አየር ወጥቶልዎታል?» የሚለው ጥያቄ የዋርዱ ዋና ጥያቄ ነው፤ ባልቴቷ በሻሽ አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ እናንተም ፈገግ ብላችሁ መልሱን ጠብቁ።

ሴት ሕመምተኛ ከመመርመራችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ መጋረጃ ሳቡ፣ ሴት ባልደረባ ትገኝ። ጫት ይቅሙ እንደሆነ ሳትፈርዱ ጠይቁ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ማወቅ አለበት። ረመዳን ላይ ከሆናችሁ መድኃኒትና ምግብ በተመለከተ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጾሙን ማፍረስ የማይፈልግ ሕመምተኛ ኪኒኑን ትራስ ሥር ያስቀምጥላችኋል።

ኦአር ውስጥ እንዳልሳሳት ምን ልወቅ?

አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰውን ሁሉ አትንኩ። እጃችሁን ከወገብ በላይ፣ ከትከሻ በታች፣ ከፊታችሁ ያዙ። እጅ ስትታጠቡ ውሃው ከጣት ወደ ክርን ይውረድ፤ ቧንቧው በጠፋ ቀን ከጀሪካን በጆግ እየተቀዳ ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው። ከነካካችሁ ወዲያው «ኮንታሚኔት አድርጌያለሁ» በሉ። የሚቆጣችሁ ይኖራል፤ ደብቃችሁ ቁስሉ ከመገለ ግን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት 19 ነጥብ አለው። ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊትና ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ይነበባል። ስምንት አገሮች ውስጥ በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል፤ ከስምንቱ አንዱ ታንዛኒያ ነበር። ሁሉም ስሙን ሲናገር የእናንተም ተራ ነው፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ «ሜዲካል ስቱደንት» በሉ። መጨረሻ ላይ ጎዝ ሲቆጠር አብራችሁ ቁጠሩ።

ደም ሳይ ራሴን ብስትስ?

ቁርስ ብሉ። ላብ ላብ ሲላችሁ፣ ጆሯችሁ ሲጮህ ከጠረጴዛው ወደ ኋላ ሂዱና መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲኒየሩም በጊዜው ወድቆ ይሆናል።

መርፌ ቢወጋኝ?

ወዲያው ከሥራው ውጡ። ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቡ፤ አትጭመቁት፣ በረኪናም አታፍሱበት። ለተረኛው ሐኪም ንገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በቶሎ፣ ግፋ ቢል በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ የሚወሰደውም 28 ቀን ነው። ሕመምተኛው ፈቅዶ ይመረመራል፣ እናንተም መነሻ ምርመራ ታደርጋላችሁ፣ የሄፓታይተስ ክትባት ሁኔታችሁም ይታያል። መድኃኒቱ ሌሊትና እሑድ የሚገኝበትን ክፍል ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። «ትንሽ ነው የነካኝ» ብሎ ማለፍ ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ነው።

ፎቶ ላንሳ?

ሕመምተኛውን አይደለም። በቴሌግራም ግሩፕ «ገራሚ ኬዝ» ብሎ መለጠፍ ነውርም ወንጀልም ሊሆን ይችላል። ፊቱ ባይታይም የእጁን ጠባሳ የሚያውቅ ዘመድ አይጠፋም። ለኬዝ ሪፖርት የምትፈልጉት ከሆነ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና አብሯችሁ የሚጽፍ ሲኒየር ያስፈልጋል።

ማደሪያና ትራንስፖርትስ?

የተማሪ ዶርም ይሰጣል ብላችሁ ሳታረጋግጡ አትምጡ። ሆስፒታሉ አካባቢ ክፍል የሚያከራዩ ቤቶች አሉ፤ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ከኪራዩ በፊት ጠይቁ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀጥታ ሐረር ትገባላችሁ። በአውሮፕላን ወይም በባቡር ከሆነ ድሬዳዋ ወርዳችሁ ወደ ሐረር ሚኒባስ ነው።

«ሰርጀሪ ለሴት ከባድ ነው» ይሉኛል።

ለወንድም ከባድ ነው። ነይ።

ውጭ አገር ኢሌክቲቭ ብሠራ አይሻልም?

ሊሻል ይችላል፤ ለተለየ ዓላማ። አሜሪካ ለሬዚደንሲ የምታመለክቱ ከሆነ ሕመምተኛ እየነካችሁ የምትሠሩበት ኢሌክቲቭ የሚፈቀደው ሳትመረቁ በፊት ነው፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ብዙ ቦታ ቆሞ ማየት ብቻ ይሆናል። ስቴፕ ዋን (የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል) እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ አልፏል ወይም ወድቋል ብቻ ስለሚል የሐኪሞች የድጋፍ ደብዳቤ ክብደቱ ጨምሯል ይባላል፤ እኔም እንዲያ ይመስለኛል። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መጻጻፍ ይቻላል፣ ወይም በኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበር በኩል የዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን የልውውጥ ፕሮግራም አለ፤ እሱ በተለምዶ አራት ሳምንት ነው። ቪዛው፣ ቲኬቱ፣ የኢንሹራንሱ ወጪ ግን የብዙዎቻችንን አቅም ይፈትናል።

በዚሁ በቀጠናችን ቀዶ ሐኪም ለመሆን ያሰበ ሰው ግን ቮልቩለስና የወጌሻ ጋንግሪን ያላየበት ወር ብዙም አይጠቅመውም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ የሆነው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ የሚያሠለጥነው ለዚህ ዓይነት ሕመምተኛ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ማን ይጽፍልኛል?

ስማችሁን የሚያውቅ ሰው። የክፍሉ ኃላፊ በአንድ ራውንድ ያያችሁ ቢሆን «ትጉህ ተማሪ ነበር» ብሎ ይፈርማል፤ ይህ ለማንም አይረባም። አብሯችሁ ሌሊት ያደረ ሲኒየር ግን የትኛውን ሕመምተኛ እንዴት እንደያዛችሁ ሊጽፍ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት ጠይቁ። ሎግቡካችሁን በየቀኑ አስፈርሙ፤ መጨረሻ ላይ አከማችቶ የሚያመጣውን ማንም አይፈርምለትም፣ ቢፈርምም ያሳፍራል።

የምዘና ቅጹ ፊርማ ብቻ ሳይሆን ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተሙ ደግሞ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ዓርብ የምሳ ሰዓት ለጁምዓ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሚረዝምና ከዚያም በኋላ ቢሮ ሰው ማግኘት ስለሚያስቸግር ሐሙስ ጠዋት አስጨርሱት። ጋውኑንና የሎከሩን ቁልፍ ሳትመልሱ ክሊራንስ አይሰጥም።